የዶክተር ላምፔ የክብር መጽሐፍ

በእኔ ሳሎን ውስጥ አንድ መደርደሪያ አለ። በላዩ የተደረደሩት መጻሕፍት ሁሉ ለሰው ልደት የተዘጋጁ ናቸው፤ ለባለቤታቸው ልደት የተዘጋጀ ግን አንድም የለም። ባለቤታቸው ዶክተር ኤግበርት ላምፔ ይባል ነበር። ሰባ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እህቱ ኢልዘ ቤቱን ስታስለቅቅ ደወለችልኝና፣ "ወይዘሮ ኮልበ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ይወስዱልኛል ወይስ ለቆሻሻ መኪና ልስጠው?" አለችኝ። ወሰድኩት። ለቆሻሻ መኪና መሰጠት የነበረበት እነዚህን መጻሕፍት የወለደው ልማድ ነው፤ እሱን ግን መኪናውም የሚችለው አይመስለኝም።

በእኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ። አንድ ትልቅ የታሪክ ሊቅ ስድሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ባልደረቦቹና ተማሪዎቹ ተደብቀው ጽሑፍ ያዋጣሉ። ጽሑፉ ይጠረዛል፤ ከፊት የሰውየው ፎቶ፣ ከኋላ ደግሞ በሕይወቱ የጻፈው ሁሉ ዝርዝር ይገባል። በልደቱ ቀን በንግግርና በወይን ይሰጠዋል። የክብር መጽሐፍ ይባላል። ዋናው ደንብ ባለልደቱ አስቀድሞ አለማወቁ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ብቻ አያውቅም። ቢያውቅም እንዳላወቀ ሆኖ መደንገጥ አለበት፤ ድንጋጤውን በመስታወት ፊት ሳይለማመዱ እንዳልመጡ የምጠረጥራቸው ፕሮፌሰሮች አሉ። መጽሐፉን ማን ያነበዋል ብትሉኝ፣ ባለልደቱ መግቢያውን ያነባል፤ ጽሑፍ ያዋጡት ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያነባሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ይወርዳል። እዚያ የገባ ግኝት ደህና አድርጎ አፈር ለብሷል።

ላምፔ እንዲህ ላለው መጽሐፍ ጽሑፍ ስጥ ሲባል እምቢ ማለት አያውቅም ነበር።

የምንሠራው በትንሿ ከተማ በሄርበርስሌበን ቤተ መዛግብት ነበር። እሱ ፎቅ ላይ ከብራናዎቹ ጋር፣ እኔ ታች ንባብ ክፍል። የኔ ሥራ ቀለም ሰነዱን እንዳይነካ የሰው እስክሪብቶ ነጥቆ እርሳስ መስጠትና "ጸጥታ!" ማለት ነው፤ ለሁለተኛው ተፈጥሮ አግዞኛል። ዕድሜ ልካችንን አብረን ሠርተን "እርስዎ" እንደተባባልን ተለያየን። እዚህ አገር ይህ መራራቅ አይደለም። ከላምፔ የቀረበ ወዳጅ አልነበረኝም።

ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሲማር የጠረጴዛ ጓደኛው ገሮልድ ሽቴፈንስ ነበር። ሁለቱም የአንድ መምህር ደቀ መዛሙርት ናቸው። ዶክትሬታቸውን እንደጨረሱ መምህራቸው ስድሳ አምስት ሊሞላው ሆነና ሁለቱም ጽሑፍ ተጠየቁ። ሽቴፈንስ ከኪሱ የወደቀች የምትመስል አጭር ነገር ወርውሮ፣ ትርፍ ጊዜውን ሁለተኛ ትልቅ መጽሐፉን ጻፈበት። ያ ሁለተኛ መጽሐፍ ከሌለ ደግሞ የፕሮፌሰርነት ወንበር አይታሰብም። ላምፔ ግን መምህሬ ይገባዋል ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚያች ጽሑፍ ደከመ። መምህሩ አንብቦ "ዕንቁ ነው!" አለ። ወንበሩ ሲከፈት ዕንቁውን ማንም አላስታወሰውም፤ ሽቴፈንስ ተቀመጠበት፣ ላምፔ ወደ እኛ መጣ።

የመጣው ለአንድ ሥራ ነው። የወንደልሮዳ የሴቶች ገዳም ብራናዎች አሉን፤ መሬት የተሰጠበት፣ ወፍጮ የተሸጠበት፣ ሁለት እመ ምኔቶች የተካሰሱበት። እነሱን ሁሉ አንብቦ፣ ቀናቸውን ለይቶ፣ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ማሳተም ነበር ሥራው። ስልክ ባይኖር ኖሮ ይጨርሰው ነበር። ስልኩ ይጮኻል፣ ወዲያ ማዶ አንዱ ያንሾካሹካል፦ "ክቡር ዶክተር ላምፔ፣ በመካከላችን ይቅርና፣ ፕሮፌሰር እገሌ ስድሳ አምስት ሊሞላቸው ነው፤ ከእርስዎ አንዲት ትንሽ ነገር ብናገኝ..." ላምፔ ከትልቁ ሥራው አንዱን ጥሩ ቦታ ቆርሶ ይሰጣል። እንዲህ እየቆረሰ፣ እንዲህ እየቆረሰ፣ የራሱ መጽሐፍ ጠርዝ ብቻ ቀረው። ደግሞ የሚሰጠው ምርጥ ምርጡን ነው። ለልደት ትርፍራፊ አይሰጥም ይላል። ይህን ሲለኝ ምን ያህል እንደምናደድ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚናገረው፣ ለመሸሽ እንዲመቸው።

አንድ ነገር ብቻ ለማንም ሳይሰጥ አቆየ።

ከብራናዎቹ ውስጥ ብዙዎቹ በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው። ሊቃውንቱ ሁሉ ጸሐፊው ኮንራድ የሚባል መነኩሴ፣ የሴቶቹ ንስሐ አባት ነው ብለው ተስማምተዋል። ምክንያታቸው አጭር ነበር፦ ያን ዘመን እንዲህ ያማረ ላቲን ሴት አትጽፍም። ላምፔ ግን ያቺ እጅ አንዷን ፊደል ስትጽፍ ጭራዋን ወደ ኋላ ጠምዛ እንደ በር መንጠቆ ትዘጋታለች ይላል፤ ኮንራድ በስሙ በፈረመባቸው ብራናዎች ላይ ደግሞ መንጠቆዋ የለችም። እንግዲህ ይህችን መንጠቆ ሲከተል ኖረ። ሚስት አላገባም፤ ቢሮ ውስጥ ሚስቱ ያቺ እጅ ናት እየተባለ ይቀለድበታል።

"ዶክተር፣ ባለቤትዎ እንዴት አደሩ?" እለዋለሁ ጠዋት።

"ዛሬ በርዷታል መሰለኝ፤ መስመሯ ይንቀጠቀጣል" ይለኛል፣ ፊቱ ቀልቶ።

"ታዲያ ካልሲ ይውሰዱላቸው እንጂ!"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፎቅ በሩጫ ሲወርድ ሰማሁ። ላምፔ ሲሮጥ ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጨረሻዬም እሱ ሆነ።

"ወይዘሮ ኮልበ! ይምጡ! አሁኑኑ ይምጡ!"

"እሳት ነው?"

"እሳትማ ቢሆን እርስዎን አልጠራም፤ ብራናውን ነበር የምይዘው!"

ተከትዬው ወጣሁ። የብራና ሰነድ ታችኛው ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ የማኅተሙ ማንጠልጠያ እንዳይቀደው። እጥፋቱ ውስጥ ማንም አይመለከትም። ላምፔ ከአጥንት በተሠራች ጠፍጣፋ ማንሻው ቀስ ብሎ ገለጥ አደረገልኝ። በውስጡ የትንኝ እግር በሚያህል ጽሕፈት ሁለት ቃል አለ፤ መንጠቆዋም አለች። "ዩታ ጽፋለች" ይላል።

"ሴት ናት" አለኝ። "ስም አላት።"

"እና ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ለኮንራድ ሲጨበጨብለት ኖረ በሉኛ!"

"ኖረ። እሷ የጻፈችውን።" እጥፋቱን መለሰና እጁን ላዩ ላይ አሳረፈ። "ይህንን ለማንም አልሰጥም፣ ወይዘሮ ኮልበ። ይህ የራሴ መጽሐፍ መግቢያ ነው።"

ደስ ብሎኝ ወረድኩ። አንድ ነገር እንኳ ለራሱ አስቀረ ብዬ።

ስድሳ አምስት ዓመቱ ሲቃረብ፣ ኃላፊያችን ዶክተር አኔግሬት ፎስ ጠራችው። ወጣት ናት፣ ክፉ አይደለችም፣ ሁልጊዜ ግን ባቡር እንዳመለጠው ሰው ትቸኩላለች። ከእሷ ቢሮ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት አብርቷል።

"እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ ዝርዝር ይስጡኝ አለችኝ። ፎቶም!"

"ለምንድነው አለች?"

"ለፋይል።" ዓይኑን ጠቀሰኝ። "ለፋይል ፎቶ ሲጠየቅ ሰምተው ያውቃሉ?"

ዝርዝር ከኋላ፣ ፎቶ ከፊት። ገባኝ። እውነቴን ነው፣ ለጥቂት ቀን እኔም አመንኩ፤ አሁንስ ሰው ተገኘ ብዬ። ላምፔ ፎቶ ቤት ሄዶ ተነሣ። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው አዲስ ክራባት ገዛ። ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት አዘጋጀ፤ ርዕሱ ሁሉ የሱ ነው፣ መጽሐፉ ሁሉ ግን "ለእገሌ ክብር፣ ለእገሌ ልደት" የሚል ነው። ያን ዝርዝር እኔ ግማሽ ላይ አቋርጬ መለስኩለት። እሱ ሲያነበው ፈገግ ይላል።

ከዚያ በኋላ ዝምታው መጣ። እሱ ሲያልፍ የዶክተር ፎስ በር ይዘጋል። ሁለት ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያወሩ እሱን ሲያዩ ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራሉ። ላምፔ ምን ያደርግ እንደነበር ልንገራችሁ? ወጥ ቤቱ ጋ ሳይደርስ ከሩቅ ይስላል። የሚደብቁት ነገር ካለ ጊዜ እንዲያገኙ ብሎ ነው! ጉሮሮው አያመውም፤ "እንዳላበላሽባቸው" ነበር ያለኝ። ያ ሳል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔ መቼስ አላስችል አለኝና ዶክተር ፎስን ቀጥ ብዬ ጠየቅኋት። "ለላምፔ የክብር መጽሐፉን ማነው የሚያዘጋጀው?"

"መጽሐፍ? የምን መጽሐፍ?" አለችኝ። ፊቷን አየሁት። የደበቀችው ሌላ ነገር አለ፤ መጽሐፍ ግን የለም።

በነጋታው ላምፔን ጠብቄ ያዝኩት። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠይቄያለሁ። መጽሐፍ የለም።"

ሳቀ። "ወይዘሮ ኮልበ፣ እርስዎ ውሸት አይሆንልዎትም። ጆሮዎ ቀልቷል።"

"የቀላው ተናድጄ ነው!"

"እሺ፣ እሺ። የለም እንበል።"

"እንበል አይደለም! የለም ነው የምልዎት!"

"በደንብ አስጠንተውዎታል" አለና ሽቅብ ወጣ፣ እያፏጨ። ይህ ሰው ባልተጻፈ ነገር ላይ ተመርኩዞ የጠፋ ብራና መኖሩን ሲያረጋግጥ የኖረ ነው። ዝምታ ለሱ ማስረጃ ነው። የኔ "የለም" ደግሞ ከማስረጃም በላይ ሆነለት።

የልደቱ ቀን ንባብ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰብን። የፕለም ኬክ አለ፣ አረፋ የሚያወጣ ወይን አለ። ኢልዘ አንገቱ ጠጉር የሆነ ካፖርቷን ለብሳ መጣች።

"ኤግበርት፣ ክራባትህ ጠማማ ነው።"

"ተዪው፣ ኢልዘ።"

"ለማን ነው እንዲህ ያሰርከው? ልትዳር ነው እንዴ?"

በየደቂቃው የኮቱን የደረት ኪስ ይነካል። የምስጋና ንግግሩ እዚያ ነበር፤ ለኔ ቀደም ብሎ አንብቦልኛል። መምህሩን ያነሣል፣ ሽቴፈንስን ያነሣል፣ ኢልዘን ያነሣል፣ እኔንም ያነሣል። በመጨረሻው ላይ ዩታን ያነሣል።

ዶክተር ፎስ ጥቂት መልካም ቃል ተናገረችና በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አቀረበች። አራት ማዕዘን፣ ወፍራም። ላምፔ በሁለት እጁ ተቀበለው። "ከባድ ነው" አለ ለኢልዘ በሹክሹክታ። ከባድ ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ቦጨቅ አድርጎ ይጥለው ነበር፤ እኛ ወረቀት አንቀድድም። የአጥንት ማንሻውን አውጥቶ ማጣበቂያውን አንድ በአንድ አላቀቀ፣ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ሽፋኑን እንኳ ሳያይ መጽሐፉን ገለበጠውና ከኋላ ከፈተው።

ለምን ከኋላ እንደከፈተው ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ብቻ አወቅሁ። የሥራዎቹ ዝርዝር የሚገባው ከኋላ ነው።

ዝርዝርስ ነበረው። በኤልበ ወንዝ ዳርቻ የሚገኙ የብስክሌት መጠገኛዎች ዝርዝር። መጽሐፉ በብስክሌት ለሚጓዙ ጡረተኞች የተዘጋጀ፣ ባለፎቶ፣ ባለካርታ ነው።

"ሁላችንም ፈርመንበታል!" አለች ዶክተር ፎስ።

ላምፔ ገጹን አንድ ጊዜ አገላበጠ፣ ሌላ ገጽ አየ፣ ተመልሶ መጣ። "ደስ ይላል" አለ። "ካርታም አለው።"

"ብስክሌት?" አለች ኢልዘ ጮክ ብላ። "እሱ እኮ በልጅነቱም ሚዛን አልጠበቀም! አጥሩን ገጭቶ ጥርሱን የሰበረው ማን ሆነና!" ሁሉም ሳቀ። ላምፔም ሳቀ። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ ነበር፤ እዚያው ትንሽ ቆየና ወደ ሱሪው ኪስ ወርዶ መሐረብ አውጥቶ ተመለሰ። አፍንጫውን ጠረገ። እኔ ኬኩን በቢላ ወጋሁት፤ የሚወጋ ሌላ ነገር አጠገቤ አልነበረም።

ሳቁ ሲበርድ ዶክተር ፎስ የቀረውን ነገረችን። ቤተ መዛግብታችን ከትልቁ ከተማ ቤተ መዛግብት ጋር ሊቀላቀል ነው። ብራናዎቹ በሣጥን ይሄዳሉ። ላምፔ ጡረታ ሲወጣ በቦታው ሰው አይቀጠርም፤ የወንደልሮዳ መጽሐፍም እዚያው ባለበት ይቆማል። "ታግያለሁ" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "የሥራዎን ዝርዝርና ፎቶዎን ለበላዮቻችን የላክሁት ምን ያህል እንደለፉ እንዲያዩ ነበር። ልደትዎ ሳይከበር እንዳንነግርዎ ብለን ነው ሁላችንም ዝም ያልነው።"

እንግዲህ ዝምታው ይህ ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ ላምፔ ብርጭቆ ሳጥብ አገዘኝ። አንዱን ብርጭቆ ደጋግሞ አደራረቀና፣ "ሚስጥር መኖሩን ግን አልሳትኩም" አለኝ። ፎጣውን ቀማሁትና ይሂዱ፣ ይረፉ አልኩት።

ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ብራናዎቹ በሣጥን እስኪጫኑ ድረስ፣ እንደ ማንኛውም አንባቢ ታች እኔ ፊት ይቀመጥ ጀመር። እስክሪብቶውን እቀበለዋለሁ፣ እርሳስ እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን እርሳሱን ይዞ ሳይጽፍ ቆየ።

"ሽቴፈንስ ስድሳ አምስት ሊሞላው ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ተማሪዎቹ ደወሉልኝ።"

"እምቢ በሉ።"

"ወይዘሮ ኮልበ..."

"እምቢ በሉ ነው የምልዎት!" አንባቢዎቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። "ጸጥታ!" አልኳቸው፣ እነሱ ምንም ሳይሉ። "ወንበርዎን የወሰደ ሰው!"

"ወንበሩን አልወሰደብኝም። እሱ ሲቀመጥ እኔ ለመምህራችን ስጽፍ ነበር።"

"ለርስዎ አንድ መስመር ጽፏል? አንድ ካርድ? ምኑን ነው የሚሰጡት ደግሞ? ምን ቀረዎትና?"

እርሳሱን ወደ ጎን አኖረ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ።

"ዩታን አይደለም በሉኝ።"

"ሌላ የት ላድርጋት?" አለ። "መጽሐፌ ቆሟል። ብራናው በሣጥን ሊሄድ ነው፤ ሣጥኑን ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። እኔ ብሞት ተመልሳ እጥፋቱ ውስጥ ትገባለች።"

"ለማንም አልሰጥም ብለው ነበር!"

"ለሽቴፈንስ እኮ አይደለም የምሰጠው፤ ለሷ ነው።"

ጻፈው። ከጻፋቸው ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ለበዓሉ አብሬው እንድሄድ ለመነኝና ሄድኩ። የወይን ጠጅ ቀለሙን ክራባት አሰረ፤ ያው ፎቶ የተነሣበትን። የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጢም ብሏል። ሽቴፈንስ መጽሐፉን ሲቀበል እንዴት እንደደነገጠ ብታዩ! እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወንበር ፈለገ። ከዚያ ንግግሩን ከኪሱ አወጣ፣ ተዘጋጅቶ የመጣውን። ስለ ላምፔ ጽሑፍም ተናገረ። እኛ ቤተ መዛግብት ስለተገኘችው መነኩሲት ሲያወራ "ይህች የኔ ዩታ" አለ፣ አንዴም አይደለም። አዳራሹ አጨበጨበ። ወይን ሲዞር አጠገቤ የቆሙ ሁለት ወጣቶች "የፕሮፌሰር ሽቴፈንስ ዩታ" እያሉ ሲያወሩ ሰማሁ። ከኮንራድ እጅ ወጥታ ሽቴፈንስ እጅ ገባች ማለት ነው። ላምፔ ሰምቶ ይሆን ብዬ ዞርኩ፤ ሰምቷል።

ሽቴፈንስ ብርጭቆ ይዞ መጣና ትከሻው ላይ ክንዱን ጣለበት። "ኤግበርት! አንተ እኮ በዕድሜ ትቀድመኛለህ! ያንተስ መጽሐፍ የታለ? ማን አዘጋጀልህ? ለምን አልነገርከኝም?"

ላምፔ ክራባቱን አስተካከለ። "ገና ነው" አለ። "ሚስጥር ስለሆነ እኔ ማወቅ የለብኝም።"

በዙሪያው የነበረ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። "ይህ ሰው እኮ ሁልጊዜ ጨዋታ አዋቂ ነው!" አለ ሽቴፈንስ። እኔ አልሳቅኩም። ብርጭቆዬን እፊታቸው አስቀምጬ ካፖርታችንን ላመጣ ሄድኩ።

ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ለጽሑፍ ሰጪዎች የሚሰጠው የሱ ቅጂ ጉልበቱ ላይ ነው። አልገለጠውም። ብርድ ነበር፤ አንገቱን ካፖርቱ ውስጥ ቀብሮ ወደ ሐዲዱ ይመለከታል።

"ወይዘሮ ኮልበ" አለኝ። "በሰባ ዓመትም ያደርጋሉ፣ አይደል? ለአንዳንድ ሰው።"

"ያደርጋሉ" አልኩት። "እንዲያውም... ሰምቻለሁ። ለርስዎ ተጀምሯል።"

ዘወር ብሎ አየኝ። ፊቴን ሳይሆን ጆሮዬን ነበር የሚያየው፤ ለረጅም ጊዜ አየው።

"እርስዎ እኮ ውሸት አይሆንልዎትም" አለኝ።